አሳኢ፦ የወንዝ ዳሩ ምሳ፣ የማስታወቂያው መድኃኒት

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የብራዚሏ ቤሌም ከተማ እንቅልፍ ላይ ናት፤ ወደቧ ግን ከነቃ ቆይቷል። በጓዣራ ወሽመጥ ዳር፣ ቬር-ኡ-ፔዙ ከሚባለው አሮጌ ገበያ አጠገብ የእንጨት ጀልባዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ተሸካሚዎች ቅርጫት በራሳቸው ላይ ደራርበው እርጥቡን ድንጋይ በሩጫ ይወጡታል። አንድ ገዢ የቅርጫቱን አፍ የሸፈነውን ቅጠል ገለጥ አድርጎ እጁን እስከ ክርኑ ይከትና ከሥር ዘግኖ ያወጣል፤ መብራት ሥር ወስዶም ያገላብጠዋል። ላዩን አሳምሮ ከታች የከረመ ፍሬ የሚጭን ሻጭ አይጠፋምና። መዳፉ ላይ ያሉት ፍሬዎች ከአተር ጥቂት ተለቅ ያሉ፣ ድቡልቡል፣ ወደ ጥቁር ያደላ ሐምራዊ ናቸው። ልጣጫቸው ላይ አመድ የነካው የሚመስል ነጣ ያለ ብናኝ አለ፤ በደንብ መብሰላቸው የሚታወቀው በእሱ ነው። ገዢው በአውራ ጣቱ ሲያሸው ብናኙ ይለቅና ጣቱ ሐምራዊ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው የዋጋ ክርክር ብቻ ነው።

ጎህ ሲቀድ ግርግሩ ይበተናል። የሚቸኩሉት በምክንያት ነው። ፍሬው ከዛፍ ከወረደ በኋላ በዚያ ሙቀት ቢቆይ አንድ ቀን ያህል ነው፤ ከዚያ ይኮመጥጣል፣ ቀለሙም ይበላሻል። ትናንት ከማራዦ ደሴት ወይም ከቤሌም ማዶ ካለችው ኮምቡ የተለቀመው ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ሳህን ውስጥ መገኘት አለበት።

ፍሬው አሳኢ ይባላል። በኒውዮርክ፣ በለንደንና በዱባይ ከሙዝና ከማር ጋር ተፈጭቶ፣ ቀዝቅዞ፣ «ሱፐርፉድ» የሚል ስም ተለጥፎበት በውድ ይሸጣል። ያልተባለለት ነገር የለም፤ ክብደት ይቀንሳል፣ ካንሰር ይከላከላል፣ እርጅናን ያዘገያል ተብሏል። የትውልድ አገሩ በሆነው በፓራ ክፍለ ግዛት ግን አሳኢ ለኢትዮጵያዊ እንጀራ እንደሆነው ነው፤ ብዙ ቤተሰብ እሱ ያልቀረበበትን ምሳ እንደ ምሳ አይቆጥረውም።

ይህን ያልተረዱ ሰዎች ዋጋውን የከፈሉት በነሐሴ 2025 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቤሌም 30ኛውን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ ለማስተናገድ ስትሰናዳ፣ ምግብ አቅራቢዎችን ለመምረጥ የወጣው የጨረታ ሰነድ በጉባኤው ላይ መቅረብ የሌለባቸውን ምግቦች ዘረዘረ። አሳኢ ከነዚያ አንዱ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ የብክለት ስጋት ነው ተባለ። ከተማዋ ተቆጣች፤ የምግብ ባለሙያውም ፖለቲከኛውም ጮኸ፤ በቀናት ውስጥ ሰነዱ ታርሞ ክልከላው ተነሣ። በዚያው በቤሌም ጉባኤ የ2027ቱን 32ኛ ጉባኤ እንድታስተናግድ የተመረጠችው ኢትዮጵያ ናትና የአዲስ አበባ አዘጋጆች ነገሩን ከወዲሁ ቢያስቡበት አይከፋም፦ «ክትፎና ቁርጥ ለእንግዶች እንዳይቀርብ» የሚል ሰነድ ቢወጣ የሚነሣውን ጩኸት መገመት አያዳግትም።

ይሁንና በቤሌሙ ጠብ ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው። ቁጣው ተገቢ ነበር፤ ስጋቱም የፈጠራ ወሬ አልነበረም። አሳኢን በሚመለከት ነገሩ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ሲያሞግሱትም ሲፈሩትም ሰዎች ከልክ ያልፋሉ፣ ፍሬው ራሱ ግን መሐል ላይ ቁጭ ብሏል።

አሳኢ ከተምርና ከኮኮናት ጋር የአንድ ወገን ነው፤ ዘንባባ ነው። ዩተርፔ ኦለራሲያ የሚለውን ሳይንሳዊ ስም ያወጣለት ከ1817 እስከ 1820 ብራዚልን የዞረው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ካርል ፎን ማርትዩስ ነው። በ1848 ቤሌም የገባው እንግሊዛዊው አልፍሬድ ራስል ዋላስም በ1853 ስለ አማዞን ዘንባባዎች ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ዛፉና ስለ መጠጡ ጽፏል። የአገሬው ሰው ግን ሁለቱም ሳይመጡ ከብዙ ዘመን በፊት ያውቀው ነበር።

ግንዱ ቀጭንና ለስላሳ ነው፤ አንድ ጎልማሳ በሁለት መዳፉ ሊያቅፈው ጥቂት ይቀረዋል። ቁመቱ ግን 20 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ነፋስ ሲመጣ ይወዛወዛል፣ ይጎብጣል፣ እምብዛም አይሰበርም። ከብዙ ዘንባባዎች የሚለየው ትልቁ ጠባዩ ብቻውን አለመቆሙ ነው፦ ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ ይወጣል፤ አንዱ ገና ቡቃያ ሲሆን ሌላው ጎልማሳ፣ ሦስተኛው አርጅቶ ለመውደቅ የተቃረበ ይሆናል። ይህ ጠባይ ኋላ ላይ ዘሩን ከመጥፋት አድኖታል።

የሚበቅለው አማዞን ወደ አትላንቲክ በሚገባበት ረግረግ ነው። እዚያ ወንዙ ከውቅያኖሱ ማዕበል ጋር በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። ጭቃው ውስጥ ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል፤ ብዙ ዛፍ በዚህ ቦታ ሥሩ ታፍኖ ይሞታል። አሳኢ ከግንዱ ግርጌ፣ ከመሬት በላይ፣ ቀላ ያሉ ሥሮች ያወጣል። በነዚህ ሥሮች ላይ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች አየር ይስባሉ፤ በውስጣቸው ያለው ስፖንጅ መሰል ክፍት ሕዋስ ደግሞ አየሩን ወደ ታች ያደርሳል። ውኃ ሲሞላ ሥሩ ከላይ ይተነፍሳል፤ ሲጎድል ከደለሉ ይመገባል። ማዳበሪያውን ራሱ ወንዙ ያመጣለታል።

አበባው ከቅጠሎቹ በታች እንደ መጥረጊያ በተዘረጋ ዘለላ ላይ ይወጣል። ወንዴና ሴቴ አበቦች በአንድ ዘለላ ላይ አብረው አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወንዴ አንዲት ሴቴን መሐል አድርገው ይቀመጣሉ። ግን አብረው አይፈኩም። ወንዴዎቹ ቀድመው ፈክተው፣ ብናኛቸውን ሰጥተው ይረግፋሉ፤ ሴቴዎቹ የሚከፈቱት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ብናኙ ከሌላ ዘለላ ወይም ከሌላ ዛፍ መምጣት አለበት። አመላላሾቹ ዝንቦች፣ ጥንዚዛዎችና ከሁሉም በላይ መንደፊያ የሌላቸው ጥቃቅን ንቦች ናቸው። ንቦቹ ማሯ ለመድኃኒት የምትፈለገው የኢትዮጵያዋ ጣዝማ የቅርብ ዘመዶች ናቸው።

ከአበባ እስከ ብስል ፍሬ ግማሽ ዓመት ገደማ ይፈጃል። ቱካን የተባለው ባለ ትልቅ ምንቃር ወፍ ፍሬውን እንዳለ ይውጥና ሥጋውን ፈጭቶ ዘሩን ሌላ ቦታ ይተፋዋል፤ ውኃው ላይ የወደቀውን ደግሞ ማዕበሉ ይወስደዋል። ለሰው የሚተርፈው ክፍል እጅግ ትንሽ ነው። ከፍሬው ክብደት ከአምስት አራቱ እጅ በላይ ዘር ነው፤ የሚበላው ዘሩን የሸፈነው አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሥጋ ብቻ።

ያንን ሥጋ ለማግኘት ሰው መውጣት አለበት። መሣሪያው ፔኮኛ ይባላል፤ ከዘንባባ ቅጠል ወይም ከማዳበሪያ ከረጢት የተጠማዘዘ ቀለበት ነው። ወጪው ሁለቱን እግሮቹን ቀለበቱ ውስጥ ያገባና ግንዱን በእግሮቹ መሐል ይይዛል፤ ቀለበቱ ሲወጠር ግንዱን ይነክሳል። በእጁ ይስባል፣ በእግሩ ይገፋል፣ እንደገና ይስባል፤ ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ጫፍ ላይ ነው። ቢላዋው ወገቡ ላይ ወይም በጥርሱ ነው። ዘለላውን ከመሠረቱ ይቆርጠዋል እንጂ አይወረውረውም፤ ከወረወረው ፍሬው ረግፎ ጭቃ ይበላዋል። በአንድ እጁ ዘለላውን አንጠልጥሎ በሌላው ግንዱን አቅፎ ይንሸራተታል። ጎበዙ ወጪ ግን አይወርድም፤ ግንዱን አወዛውዞ አጠገቡ ወዳለው ይሸጋገራል።

ግንዱ ቀጭን በመሆኑ ቀላል ሰውነት ይፈለጋል። በዚህ የተነሣ ታዳጊዎች ይወጣሉ። የብራዚል ሕግ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን አደገኛ ሥራ ላይ ማሰማራት ይከለክላል፤ ደሴቶቹ ላይ ግን ተቆጣጣሪው ሩቅ ነው፣ የቤተሰቡ ገቢ ደግሞ ቅርብ። ከ15 ሜትር ላይ የወደቀ ልጅ ሆስፒታል የሚደርሰው በጀልባ ነው። በውድ ሳህን ላይ የሚለጠፉ ማስታወቂያዎች ይህን አይጽፉም።

አሳኢ ዛሬ በፍሬው ይታወቅ እንጂ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ነጋዴው የሚፈልገው ሌላ ነበር፤ በጫፉ፣ ቅጠሎቹ ከሚወጡበት ቦታ ያለው ለስላሳ ነጭ እምብርት። ይህ እምብርት ታሽጎ ለሰላጣ ይሸጣል። ዘንባባ ደግሞ አንድ ግንድ ላይ ያለው የማደጊያ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ከተቆረጠ ግንዱ አለቀለት። በብራዚል የአትላንቲክ ዳርቻ ደኖች የነበረው ዘመዱ ጁሳራ ባለ አንድ ግንድ ነበርና በዚህ ንግድ ተመናመነ። ፋብሪካዎቹ በ1960ዎቹና 70ዎቹ ፊታቸውን ወደ አማዞን አፍ አዞሩ፤ አሳኢም በገፍ ተቆረጠ። አሳኢን ያዳነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከሥሩ እንደገና ማቆጥቆጡ፤ ሁለተኛው የፍሬው ዋጋ መወደዱ። ቤሌም እየሰፋች፣ ከገጠር የገባው ሰው የለመደውን ምግብ እየፈለገ ሲሄድ፣ ቆሞ በየዓመቱ የሚያፈራ ግንድ አንድ ጊዜ ከሚሸጥ እምብርት በለጠ። ገበሬው መጥረቢያውን አስቀመጠ።

ቤሌም ውስጥ ፍሬውን ለምግብነት የሚያዘጋጁት በየሰፈሩ ያሉ ትናንሽ ቤቶች ናቸው። ደጃፋቸው ላይ ቀይ ምልክት ከተሰቀለ ትኩስ አሳኢ አለ ማለት ነው። ፍሬው ይታጠባል፣ ለብ ባለ ውኃ ተዘፍዝፎ ይለሰልሳል፣ ከዚያ መሐሉ የሚሽከረከር መቅዘፊያ ያለው የብረት በርሜል ውስጥ ይገባል። መቅዘፊያው ፍሬዎቹን እርስ በርስ ያፋትጋቸዋል፤ ቀስ እየተባለ ውኃ ይጨመራል፤ ሥጋው ከዘሩ ይላቀቅና በወንፊቱ በኩል ወፍራም ሐምራዊ ፈሳሽ ይወርዳል። ውፍረቱ በመንግሥት ደረጃ የተወሰነ ነው፦ ከመቶ 8 እስከ 11 ጠጣር ያለው ቀጭን፣ ከ11 እስከ 14 መካከለኛ፣ ከ14 በላይ ወፍራም ይባላል። ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። የኑሮ ውድነት ሲብስ ቤተሰብ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ይወርዳል።

አበላሉ የውጭ ሰውን ያስገርማል። ስኳር የለም። ፈሳሹ በጎድጓዳ ሳህን ይቀርባል፤ ላዩ ላይ የካሳቫ ዱቄት ይነሰነሳል፤ አጠገቡ የተጠበሰ ዓሣ ወይም የደረቀ ሽሪምፕ ይቀመጣል። ጣዕሙ ፍራፍሬ ፍራፍሬ አይልም፤ መሬት መሬት ይላል፣ ቅባት አለው፣ መጨረሻው ትንሽ ይጎመዝዛል። በሉ ሲባሉ አንድ ማንኪያ ቀምሰው የሚያስቀምጡ ቱሪስቶች ብዙ ናቸው። ከበሉት በኋላ ደግሞ እንቅልፍ ይጥላል፤ ከሰዓት በኋላ ሃሞክ ላይ የሚተኛው የቤሌም ሰው ሰበቡን ያውቃል።

ያ ቅባት የአሳኢ እውነተኛ ሚስጥር ነው። በ2006 የወጣ አንድ የላብራቶሪ ትንተና የደረቀ የአሳኢ ዱቄትን ሲፈትሽ ከመቶ ግራሙ 32 ግራም ያህሉ ቅባት፣ 44 ግራም ያህሉ አሰር ሆኖ ተገኘ፤ ስኳሩ ግን ከሁለት ግራም ያነሰ ነው። ከቅባቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የወይራ ዘይትን ያስመሰገነው ኦሌይክ አሲድ ነው። አሳኢ በፍራፍሬ ተርታ ቢቀመጥም ይዘቱ የሚቀርበው ለአቮካዶና ለወይራ ነው። ሲነጋ ጀልባ ቀዝፎ፣ ዛፍ ወጥቶ፣ ሸክም ተሸክሞ ለሚውል ሰው ኃይል የሚሰጥ ምግብ ነው። «ክብደት ይቀንሳል» ተብሎ መሸጡ ከዚህ አንጻር ቢያስቅ አይገርምም።

ከወንዝ ዳር ተነሥቶ እንዴት እዚያ ገበያ ደረሰ? መንገዱ በስፖርተኞች በኩል ነው። በ1980ዎቹ በሪዮ ዲ ጄኔሮ፣ በጁ-ጂትሱ ትግል ስማቸው የገነነው የግሬሲ ቤተሰብ አባላት ቀዝቅዞ ከሰሜን የመጣውን አሳኢ ከሙዝና ከጓራና ሽሮፕ ጋር ያዘወትሩ ነበር። ከትግል ቤት ወደ ባሕር ዳር ወጣቶች ተዛመተ። በ2000 ራያንና ጀረሚ ብላክ የተባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች ሳምባዞን የተባለውን ኩባንያ መሥርተው ወደ ካሊፎርኒያ ወሰዱት። ሲጓዝ ዓሣውና የካሳቫ ዱቄቱ ቀሩ፤ ስኳሩ ገባ። ቀጥሎ የመጣው ማስታወቂያ ነው።

ማስታወቂያው እጅግ ከመክፋቱ የተነሣ በነሐሴ 2009 የቴሌቪዥን አቅራቢዋ ኦፕራ ዊንፍሪና ሐኪሙ መሕመት ኦዝ ስማችንን ያለ ፈቃድ ተጠቅመዋል ባሏቸው በርካታ የአሳኢና መሰል ምርቶች ሻጮች ላይ ክስ መሠረቱ። በ2011 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን የዜና ገጽ መስለው የአሳኢ ክኒን የሚሸጡ ድረ ገጾችን ለማስቆም ፍርድ ቤት ሄደ። «ጋዜጠኛዋ» በራሷ ሞክራ በአራት ሳምንት ይህን ያህል ኪሎ ቀነሰች የሚሉት ዘገባዎች ጋዜጠኛም ሙከራም አልነበራቸውም። «ነጻ ናሙና» ብሎ የባንክ ካርድ ቁጥር የሰጠ ሰው በየወሩ ገንዘብ ሲቆረጥበት ያገኘዋል። የፍሬው ስም ከዚህ ጋር መያያዙ ያሳዝናል፤ ክኒኑ ውስጥ ምን ያህል አሳኢ እንደነበረ የሚያውቅ የለምና።

ሐምራዊውን ቀለም የሚሰጡት አንቶሲያኒን የተባሉ ውሁዶች ናቸው፤ በወይንና በእንጆሪም አሉ። በብልቃጥ ውስጥ ሲፈተሹ ሕዋስን የሚጎዱ ሞለኪውሎችን ያመክናሉ፤ አሳኢም በዚህ ፈተና ከፍተኛ ውጤት ያገኛል። «በዓለም አንደኛ» የተባለው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ብልቃጥ ግን ሆድ አይደለም። አንቶሲያኒን ወደ ደም የሚገባው በጥቂቱ ነው፤ የተቀረው በአንጀት ባክቴሪያ ተሰባብሮ ሌላ ነገር ይሆናል። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት የምግቦችን የብልቃጥ ውጤት ይዘረዝር የነበረውን ሰንጠረዥ በ2012 ከድረ ገጹ ያነሣው፣ ቁጥሩ በሰው ሰውነት ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ስለማይናገር፣ ነጋዴም መጫወቻ ስላደረገው ነው። ደግሞም በ2008 በወጣ የጭማቂዎች ንጽጽር አሳኢ ከሮማን፣ ከቀይ ወይን ጠጅና ከወይን ጭማቂ በታች ሆኖ ነበር። (ጥናቱን የደገፈው የሮማን ጭማቂ አምራች መሆኑን ማስታወስ ግን ደግ ነው።)

በሰው ላይ የተሠሩት ጥናቶች ትናንሽ ናቸው። በ2008 የቴክሳስ ተመራማሪዎች 12 ጤነኛ ሰዎችን አሳኢ አጠጥተው አንቶሲያኒኑ ደም ውስጥ እንደሚገኝ አሳዩ። በ2011 ከልክ ያለፈ ክብደት ያላቸው 10 ሰዎች ለ30 ቀን፣ በቀን ሁለት ጊዜ 100 ግራም ወስደው በባዶ ሆድ የሚለካው የደም ስኳራቸውና ኮሌስትሮላቸው ቀንሶ ታየ። ግን አሳኢ ያልወሰደ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረም። በ2016 የታተመው የተሻለ ነው፦ 23 ወንዶች በተለያየ ቀን አንዴ የአሳኢ መጠጥ፣ አንዴ አምሳያውን ወስደው፣ አሳኢውን የጠጡ ዕለት የደም ሥሮቻቸው የመለጠጥ ችሎታ ለጥቂት ሰዓታት ተሻሽሎ ተገኘ። ተስፋ ሰጪ ነው። ካንሰር መከላከልና ዕድሜ ማራዘም ከዚህ ተነሥቶ ሊባል አይችልም፤ ኪሎ መቀነስ ደግሞ በጭራሽ።

በፓራ እናቶች ዘንድ ሌላ እምነት አለ፤ አሳኢ ደም ይሞላል፣ ለልጅ ጥሩ ነው ይባላል። ቀለሙ ያሳምናል፤ ሰንጠረዡ ግን አያግዝም። በብራዚል የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ መሠረት በመቶ ግራም የቀዘቀዘ አሳኢ ውስጥ ያለው ብረት 0.4 ሚሊግራም ብቻ ነው። በብዛት ያለው ማንጋኒዝ ነው፤ 6 ሚሊግራም ያልፋል። ለአንድ ጎልማሳ ወንድ በቀን የሚመከረው 2.3 ነው። ማንጋኒዝና ብረት አንጀት ውስጥ በአንድ በር ይጋፋሉ፤ ማንጋኒዙ ከበዛ ብረቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ በቀን ሁለቴ ሦስቴ ወፍራም አሳኢ ለሚበላ ሕፃን ሥጋው፣ ዓሣውና ባቄላው አብሮ መኖሩ ግድ ነው። የማንጋኒዙ ብዛት ለሌላ ነገር ጠቅሟል፦ ማንጋኒዝ በኤም አር አይ ምስል ላይ ጎልቶ ስለሚታይ፣ የብራዚል ተመራማሪዎች በ2004 አሳኢን ሆድና አንጀትን አጉልቶ ለማሳየት እንደሚጠጣ ፈሳሽ ሞክረው ውጤቱን አሳትመዋል።

ወደ ጨረታው ሰነድ ስጋት እንመለስ። ስሙ ሻጋስ ነው። ብራዚላዊው ሐኪም ካርሎስ ሻጋስ በሽታውን በ1909 ሲገልጹት አምጪውን ትሪፓኖሶማ ክሩዚ ብለው ሰየሙት፤ በኢትዮጵያ ቆላ ከብት የሚፈጀውን ገንዲ የሚያመጣው ተውሳክ ዘመድ ነው። የሚያስተላልፈው ባርቤይሩ የተባለ ደም መጣጭ ትኋን መሰል ነፍሳት ነው። ሲነክስ ሳይሆን ነክሶ ሲጸዳዳ፣ ሰውየው ሲያክ ተውሳኩ በቁስሉ ይገባል። ብራዚል በድሃ ጭቃ ቤቶች ውስጥ በሚኖረው ዋነኛው ዝርያ በኩል በሽታው እንዳይተላለፍ አድርጋ በ2006 ማረጋገጫ አግኝታ ነበር። አማዞን ውስጥ ያሉት ዝርያዎች ግን ቤት አያስፈልጋቸውም፤ ዘንባባ ላይ ይኖራሉ።

ከዚያ የሚሆነው ቀላል ነው። ነፍሳቱ ከዘለላው ጋር ቅርጫት ውስጥ ይገባል፤ ወይም ሌሊት በጀልባውና በመፍጫ ቤቱ መብራት ተስቦ ይመጣል። ያላጠበ፣ ያላበጠረ ሰው ከፍሬው ጋር ይፈጨዋል። ቤሌም ውስጥ በአፍ የተላለፈ የሻጋስ በሽታ መጀመሪያ የተመዘገበው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ዛሬ በብራዚል ከሚታወቁት አዲስ የሻጋስ ሕመሞች አብዛኛዎቹ በአፍ የገቡ ናቸው፣ ከክፍለ ግዛቶችም ፓራ ትመራለች። አንድ ድስት አንድ ቤተሰብ ስለሚያበላ ታማሚዎቹ ብዙ ጊዜ ዘመዳሞች ናቸው። ትኩሳቱ ለሳምንታት ይቆያል፣ ፊት ያብጣል፣ ልብ ይቆጣል። በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው። ካልተደረሰበት ተውሳኩ በዝምታ ይቀመጥና ከዓመታት በኋላ ከታማሚዎቹ ሲሶ የሚሆኑትን በልብ ወይም በጉሮሮና በአንጀት ችግር ይጥላል።

መፍትሔው ደግሞ ሙቅ ውኃ ነው። ፍሬው ተበጥሮ፣ በክሎሪን ታጥቦ፣ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውኃ ለ10 ሰከንድ ተነክሮ ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ ተውሳኩ ያልቃል፣ ጣዕሙም አይነካም ማለት ይቻላል። የፓራ መንግሥት ይህን በ2012 በደንብ ግዴታ አድርጓል። ማቀዝቀዝ ብቻውን አያስተማምንም። ደንቡ የሚያመቸው ለትልቁ አምራች ነው፤ ማሞቂያ ለመግዛት አቅም የሌለው የመንደር ፈጪ ግን በሺዎች ይቆጠራል። ብድርና ሥልጠና ሳይሰጡ ቅጣት ብቻ መላክ በሽታውን ወደ ጓሮ ያስገባዋል እንጂ አያጠፋውም። ወደ ውጭ የሚላከው አሳኢ አብዛኛውን ጊዜ በሙቀት የተመከነ ነው፤ ይህን ማሸጊያው ላይ ማየት ይቻላል።

ፓራ ብቻዋን በዓመት ከ1.5 ሚሊዮን ቶን በላይ ፍሬ ታመርታለች፤ ከብራዚል ምርት ከመቶ 90 ያላነሰው የሷ ነው። ገንዘቡ የወንዝ ዳሩን ቤት ለውጧል፤ ሞተር ያለው ጀልባ፣ የፀሐይ መብራት፣ ለልጅ ትምህርት የሚከፈል ገንዘብ መጥቷል። ደኑም ተለውጧል። ገበሬው ሌላውን ዛፍ እየመነጠረ አሳኢን ሲያበዛ ድብልቁ ደን ቀስ በቀስ ባለ አንድ ዛፍ እርሻ ይሆናል። የዛፍ ዝርያዎች በሚቀንሱበት ቦታ ንቦቹ ማደሪያም ሌላ አበባም ያጣሉ፤ ንብ ባነሰበት ደግሞ ራሱ አሳኢው የሚቋጥረው ፍሬ ይቀንሳል። ተመራማሪዎች ይህን ለክተው አሳይተዋል። የፓራ ደንብ በአንድ ሔክታር ከ200 የአሳኢ ቁጥቋጦ እንዳያልፍ ይላል፤ ብዙ ቦታ ግን ከዚያ በላይ ነው። ኤምብራፓ የተባለው የብራዚል የግብርና ምርምር ተቋም ከረግረጉ ውጭ በደረቅ መሬት የሚበቅል ዝርያ በ2004 ያወጣው ጫናውን ለመቀነስም ጭምር ነው።

የሚጣለው ዘር ቤሌም ውስጥ በየመንገዱ ጥግ ይከመራል። ከፊሉ የሸክላ ጡብ ማቃጠያ ምድጃ ውስጥ ይነዳል፤ ከፊሉ ዶቃ ይሆናል። ዘሩን ቆልተውና ፈጭተው «የአሳኢ ቡና» ብለው የሚሸጡም ተነሥተዋል። ካፌይን የለውም፤ ቡናን ለዓለም የሰጠች አገር ልጆች ምን እንደሚሉት ለአንባቢ መተው ይሻላል።

እንግዲህ በዋሽንግተንም በቴል አቪቭም ሆነ በዱባይ የሐምራዊ ሳህን ፎቶ አይቶ ለሚያማትር ሰው የሚባለው ይህ ነው። ከማሸጊያው ጀርባ ሦስት ነገር ይፈልግ፦ ያልጣፈጠ መሆኑን፣ በሙቀት የተመከነ መሆኑን፣ ከይዘቱ ዝርዝር አሳኢ በመጀመሪያ መጻፉን። ሽሮፕ፣ ማርና ግራኖላ የተከመረበት ትልቅ ሳህን ከ50 ግራም በላይ ስኳር ሊይዝ ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ የቀን ጣሪያ ያለው ደግሞ ያንኑ 50 ግራም ነው። የክኒኑን ነገር መተው ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ደግሞ ምንም አላመለጠውም፤ ኦሌይክ አሲዱ ከደቡብ ወይም ከሲዳማ በመጣ አቮካዶ ውስጥ፣ አንቶሲያኒኑ በጥቁር ወይንና በእንጆሪ ውስጥ አለ። ጭማቂ ቤት ገብቶ አቮካዶ ሲያዝ ሽሮፑ ይቅርብኝ ማለት ብቻ ይበቃዋል።